መኪና ኪራይ ለዕረፍት፦ ኢንተርኔት ላይ ርካሽ፣ ካውንተር ላይ እጥፍ። አምና ተበላሁ፣ ዘንድሮስ?

ጉዞ_ናፋቂ
ሰላም ለቤቱ። አምና ለዕረፍት ስንሄድ ካየሁት ሁሉ ርካሹን መኪና በኢንተርኔት ያዝኩ። ባለቤቴ ላይም ጉራዬን ነዛሁባት። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ካለው ካውንተር ስንደርስ ግን ወሬው ሌላ ሆነ። ኢንሹራንስ፣ የልጅ ወንበር፣ ሁለተኛ ሹፌር፣ ጂፒኤስ፣ «ነዳጁን አሁን ይክፈሉና ባዶውን ይመልሱ»… ልጁ ያለቅሳል። ከኋላችን ሰልፍ አለ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔን አልከደንኩም። የተዘረጋልኝን ሁሉ ፈርሜ ወጣሁ። ሂሳቡ መጀመሪያ ካየሁት ዋጋ እጥፍ አልፎ ነበር። የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ ግማሹ ጥፋት የራሴ ነው።

ዘንድሮ 9 ቀን እንሄዳለን። ሁለት አዋቂ፣ አንድ የ4 ዓመት ልጅ። የመጀመሪያዎቹን 2 ሌሊቶች ከተማ ውስጥ ነን፣ ከዚያ ወደ ገጠሩ እንወጣለን። መንጃ ፈቃድ ሁለታችንም አለን። ከየት ልጀምር?

ማርሽ_ሦስት
ከቀኑ ጀምር ወንድሜ። ከተማ ውስጥ ለምትቆዩበት ጊዜ መኪናው ምን ይሠራላችኋል? ቆሞ ኪራይ ይቆጥራል፣ የማቆሚያ ይበላል። በባቡር ወይም በታክሲ ግቡና ሦስተኛው ቀን ላይ ከከተማው ቅርንጫፍ ውሰዱ። አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ያሉት አከራዮች ለቦታው የሚከፍሉት አለ። ያ ክፍያ ዞሮ ዞሮ አንተ ሂሳብ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሁለት ነገር ግን አጣራ። የከተማ ቅርንጫፎች ቶሎ ይዘጋሉ፤ እሁድ ጭራሽ የማይከፍቱም አሉ። ደግሞም ከከተማ ወስደህ አውሮፕላን ማረፊያ ስትመልስ «ሌላ ቦታ መመለሻ» ብለው እንዳይጨምሩብህ። አንዳንዱ እዚያው ከተማ ከሆነ ዝም ይልሃል፣ አንዳንዱ ያስከፍላል።

ዝምተኛ_ተሳፋሪ
እኔ መንጃ ፈቃድም የለኝም። ግን ይህን ውይይት አልለቅም። ቀጥሉ።

ደረሰኝ_ሰብሳቢ
ማርሽ ያለው እውነት ነው፣ ግን የሳምንት ዋጋን አትርሱ። አንዳንዴ የ7 ቀኑ ድምር ከ5 ወይም ከ6 ቀኑ ያንሳል። እብደት ይመስላል፣ ግን ዋጋ የሚያወጡት እንደዚያ ነው። እኔ ሳልይዝ በፊት 5፣ 6፣ 7 እያልኩ ቀኑን እየቀያየርኩ አያለሁ። ተንኮሉ ምን መሰላችሁ? በሳምንት ዋጋ ወስዳችሁ በ5ኛው ቀን ብትመልሱ የተረፈው አይመለስላችሁም። እንደ ውሉ ከሆነ ጭራሽ በቀን ዋጋ እንደገና አስልተው ሊጨምሩባችሁ ይችላሉ።

ሌላው፣ ቀን የሚቆጠረው በ24 ሰዓት ነው። ጠዋት 4 ሰዓት የወሰድከውን መኪና በመጨረሻው ቀን 6 ሰዓት ላይ ብትመልስ ያቺ 2 ሰዓት ሙሉ ቀን ልትሆን ትችላለች። ብዙዎቹ ግማሽ ሰዓት ያህል ይታገሳሉ፣ ከዚያ በኋላ ቆጣሪው ይሠራል። ስለዚህ መጀመሪያ የመመለሻ በረራህን እይ፣ ከዚያ የመውሰጃ ሰዓቱን ወደ ኋላ ቁጠር።

ጉዞ_ናፋቂ
ይህን አላውቅም ነበር! አምና ጠዋት ወስጄ ማታ ነው የመለስኩት። ለካ አንድ ቀን ሙሉ በነፃ ሰጥቻቸዋለሁ።

እሺ፣ መቼ ልያዝ? አንድ ጓደኛዬ «መጨረሻ ሰዓት ላይ ዋጋ ይወርዳል፣ ጠብቅ» ይለኛል።

ማርሽ_ሦስት
ጓደኛህ ብቻውን ነው የሚጓዘው መሰለኝ። ከልጅ ጋር እንዲህ አይቀለድም። አንድ ቅርንጫፍ ያለው መኪና የተወሰነ ነው፣ የበዓል ሰሞን ሲያልቅ አለቀ። በፈረንጆቹ 2020 በወረርሽኙ ጊዜ ትልልቆቹ አከራዮች መኪኖቻቸውን በገፍ ሸጡ። በ2021 ሰው መጓዝ ሲጀምር መኪና ጠፋ፣ ዋጋውም ሰማይ ነካ። ያኔ የጠበቀ ሁሉ በእግሩ ቀረ።

ዘዴው ይኸው፦ ዛሬውኑ ያዝ፣ ግን በነፃ የሚሰረዘውንና እዚያው ሄደህ የምትከፍለውን። ከዚያ በየሳምንቱ ዋጋውን እይ። ከወረደ አዲሱን ትይዛለህ፣ አሮጌውን ትሰርዛለህ። ቅደም ተከተሏን አትገልብጣት፤ መጀመሪያ አዲሱን ያዝ! እኔ ለአንድ ጉዞ አራት ጊዜ ቀይሬ አውቃለሁ። ቀድሞ የሚከፈልበት ትንሽ ይረክሳል፣ ግን ዕቅድህ ከተበላሸ ገንዘብህ እዚያው ይቀራል።

የመንትዮች_እናት
የልጅ ወንበርን ለእኔ ተዉልኝ። በቀን ነው የሚያከራዩት። ለ7 ቀን የምትከፍለው አንዳንዴ አዲስ ወንበር ይገዛል። ሲሰጡህ ደግሞ ማሰሪያው የተላላ፣ ጨርቁ የቆሸሸ ሊሆን ይችላል። ብዙ አየር መንገዶች የልጅ ወንበር ያለ ክፍያ ይጭናሉ። የራስህን ይዘህ ሂድ። አንድ ነገር ብቻ፦ የወንበር ደረጃ እንደየአገሩ ይለያያል። አንዱ አገር የፀደቀው ሌላው አገር ላይሠራ ይችላል። ወንበሩ ላይ የተለጠፈውን ምልክት እየው።

ጂፒኤስ ደግሞ ምን ያደርግላችኋል? ካርታውን ቤት እያላችሁ በዋይፋይ ስልክ ላይ አውርዱት። ከመስመር ውጪም ይሠራል። የስልክ መያዣና ቻርጀር ሻንጣ ውስጥ ጣል አድርጉ።

ጉዞ_ናፋቂ
አመሰግናለሁ እህቴ። አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ኢንሹራንሱ። አምና «ሁሉን ያካተተ» የሚለውን ከኢንተርኔት ገዝቼ ነበር። ካውንተሩ ላይ ያለው ልጅ «ይህ እኛ ጋ አይሠራም» ብሎ ሌላ ሸጠልኝ። ሁለቴ ከፈልኩ ማለት ነው። ዋሸኝ ወይስ እውነቱን ነው?

የቀድሞ_ካውንተር
ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር፣ እንኳን አነሳኸው። እኔ ለሦስት ዓመት ከዚያኛው ወገን ቆሜያለሁ። ልጁ አልዋሸህም፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገረህ።

ኢንሹራንስ ሲባል ሦስት ነገር ይደባለቃል። አንዱ በሰውና በሰው ንብረት ላይ ለምታደርሰው ጉዳት ነው። ይህ ከሌለህ መኪናውን አትንካው። በብዙ አገር ኪራዩ ውስጥ ገብቷል፣ አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ለየብቻ ነው የሚሸጠው። ሁለተኛው መኪናው ራሱ ሲጎዳ ወይም ሲሰረቅ ነው። ሲዲደብሊው የሚሉት ይህ ነው። በትክክል ኢንሹራንስ አይደለም፤ አከራዩ «ከዚህ በላይ አልጠይቅህም» የሚልበት ውል ነው። «ከዚህ» የምትለዋ መጠን ኤክሰስ ትባላለች። ትንሽ ጭረትም ብትሆን እስከዚያ ድረስ ከኪስህ ነው።

ሦስተኛው ያንን ኤክሰስ ወደ ዜሮ የሚያወርደው ነው። ካውንተሩ ላይ የሚሸጥልህ እሱ ነው። እኛ ከሱ ኮሚሽን ነበረን። ደሞዛችን ትንሽ፣ ኮሚሽናችን ትልቅ። ሰው ደክሞ ሲመጣ እናውቃለን። ልጅ ይዞ ሲመጣማ… ይቅር ይበለን።

አንተ ከኢንተርኔት የገዛኸው የሌላ ድርጅት ነው። አከራዩ አያውቀውም። አደጋ ከደረሰ መጀመሪያ አንተ ለአከራዩ ትከፍላለህ፣ ከዚያ ደረሰኝ አስገብተህ ከዚያኛው ድርጅት ታስመልሳለህ። ስለዚህ «አይሠራም» ሳይሆን «በቀጥታ ከኛ ጋር አይሠራም» ነው ነገሩ። ዋጋው ግን ከካውንተሩ በጣም ያንሳል። ዓመቱን ሙሉ የሚሠራም አለ።

ፒስታ_ወዳድ
እኔ በዚህ አልስማማም። ከፍዬ፣ ከዚያ ደብዳቤ ጽፌ፣ ወር ጠብቄ? ዕረፍት እኮ ነው! እኔ ሁሌ የካውንተሩን እገዛለሁ፣ እንቅልፌን እተኛለሁ።

ደረሰኝ_ሰብሳቢ
ፒስታዬ፣ ስምህ እንደሚለው ኮረኮንች ላይ ነው የምትነዳው አይደል? ውልህን አንብበህ ታውቃለህ? ብዙዎቹ ያልተነጠፈ መንገድ ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍኑም። ጎማ፣ መስታወት፣ የመኪናው ሆድና ጣሪያ፣ የጠፋ ቁልፍ፣ የተሳሳተ ነዳጅ መሙላት… እነዚህ በተራው ሲዲደብሊው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሉም። «ሙሉ» የሚለውም አንዳንዱን ይተዋል። ፒስታ ላይ ደግሞ የሚጎዳው ጎማና ሆዱ ነው። ተኛሁ ያልከው እንቅልፍ ያለ ብርድ ልብስ ነው።

ፒስታ_ወዳድ
😂 አሁን ውሉን ከፍቼ አየሁት። ጎማ የለም። ሆዱም የለም። ዝም ልበል።

የቀድሞ_ካውንተር
ለፒስታ ግን አንድ ነገር ልመስክርለት። የካርድ መያዣው አለ። አከራዩ ከክሬዲት ካርድህ ላይ ገንዘብ ይይዛል፣ ብዙ ጊዜ ከኤክሰሱ ጋር የሚመጣጠን። አይወስደውም፣ ግን አንተም አትጠቀምበትም። የውጭ ኢንሹራንስ ካለህ መያዣው ትልቅ ይሆናል፣ የካውንተሩን ከገዛህ ይቀንሳል። ካርድህ ላይ በቂ ቦታ ከሌለ ሳትወድ በግድህ ካውንተሩን ትገዛለህ። አምና ያንተ ጉዳይ ይህም ሊሆን ይችላል፣ ጉዞ።

ሰው ሁሉ ሲሳሳት የማየው ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ ካርዱ በዋናው ሹፌር ስም መሆን አለበት። የሚስት ካርድ፣ የወንድም ካርድ ብሎ ነገር የለም። ዴቢት ካርድ ብዙ ቦታ አይቀበሉም፤ ከተቀበሉም ተጨማሪ ነገር ይጠይቃሉ። ሰው ተከራክሮ፣ አልቅሶ፣ ያለ መኪና ሲመለስ አይቻለሁ። ቀድሞ የከፈለ ከሆነ ገንዘቡም አይመለስለትም።

ማርሽ_ሦስት
ክሬዲት ካርዱ ራሱ ኢንሹራንስ ካለውስ? የእኔ አለው።

የቀድሞ_ካውንተር
ጥሩ ጥያቄ። ለባንክህ ደውልና በጽሑፍ ተቀበል። ብዙውን ጊዜ ኪራዩን ሙሉውን በዚያ ካርድ መክፈል አለብህ፣ የአከራዩንም ሲዲደብሊው እንቢ ማለት አለብህ። የማይሸፈኑ አገሮችና የመኪና ዓይነቶች አሉ፣ የቀን ገደብም አለው። ከግለሰብ በአፕ የምትከራየውን መኪና ብዙዎቹ አይነኩትም። ከሁሉ በላይ በሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት አይሆንም፣ ለመኪናው ብቻ ነው።

ጉዞ_ናፋቂ
ራሴን ይዞኛል፣ ግን አሁን ገባኝ። የውጪውን ገዛሁ፣ የካርዴንም ጣሪያ አየሁ፣ ይበቃል። መኪናውስ? ትንሿን ልያዝ ወይስ መካከለኛ? ፎቶው ላይ ያለችው ቆንጆ ናት።

ማርሽ_ሦስት
ፎቶውን እርሳው። «ወይም ተመሳሳይ» ይላል ከሥሩ። የምትይዘው መኪና ሳይሆን መደብ ነው። መደቡ አራት ፊደል ያለው ኮድ አለው። ሦስተኛዋ ፊደል ካምቢዮውን ትነግርሃለች፦ «ኤም» ከሆነች ማንዋል፣ «ኤ» ከሆነች አውቶማቲክ። አራተኛዋ «ኤን» ከሆነች ኤሲ የለውም። ማንዋል መንዳት ከቻላችሁ ከሰሜን አሜሪካ ውጪ ብዙ ቦታ ማንዋሉ ይረክሳል። ካልቻላችሁ ግን ለቁጠባ ብላችሁ በማታውቁት ተራራ ላይ ፍሪሲዮን አታቃጥሉ። እሱም ኢንሹራንስ ውስጥ የለም።

ሻንጣችሁን ቁጠሩና የምትበቃችሁን ትንሿን ያዙ። ብዙ ጊዜ ትንንሾቹ ያልቁና ትልቅ በዚያው ዋጋ ይሰጡሃል። ካውንተሩ ላይ «በትንሽ ጭማሪ ትልቅ ልስጥህ» ካለህ ግን ጠርጥር። ምናልባት ትንሿ አልቃ ሊሆን ይችላል፣ ዝም ብትል በነፃ ታገኘዋለህ።

የቀድሞ_ካውንተር
ምስጢር አወጣህ 😄

የመንትዮች_እናት
ሁለተኛ ሹፌርን ማንም አልነካም። ለትዳር አጋር የማያስከፍሉ አከራዮች አሉ። በነፃ የሚመዘገቡበት የደንበኝነት ፕሮግራምም አላቸው፤ አባል ሲሆኑ ይህን ክፍያ የሚያነሱ አሉ። ከመያዝህ በፊት እየው። «ማን ያየናል» ብላችሁ ያልተመዘገበ ሰው እንዳይነዳ ብቻ! አደጋ ከደረሰ ሽፋኑ ሊፈርስ ይችላል። ሹፌሩ ከ25 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ብዙ ቦታ የወጣት ጭማሪ አለ።

ደረሰኝ_ሰብሳቢ
መንጃ ፈቃዱስ? በላቲን ፊደል ካልተጻፈ ወይም አገሩ ከጠየቀ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። በብዛት የሚሠራበት ሁለት ዓይነት ነው፣ በፈረንጆቹ 1949ና 1968 ስምምነቶች የሚሰጥ። የምትሄዱበት አገር የትኛውን እንደሚቀበል እዩ። የሚሰጠው መንጃ ፈቃዳችሁን ባወጣችሁበት አገር ነው፣ ከሄዳችሁ በኋላ ማግኘቱ ይከብዳል። ዋናውን መንጃ ፈቃድ አይተካም፣ አብሮት ነው የሚያዘው። ለዚች ወረቀት ብሎ ኪራዩን ያጣ ዘመድ አለኝ።

ነዳጅ፦ «ሞልቶ መውሰድ፣ ሞልቶ መመለስ» የሚለውን ብቻ ምረጥ። ቀድመህ የምትከፍልበት አምና የሸጡልህ ነው፣ የተረፈው አይመለስም። ስትመልስ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሳይሆን ትንሽ ቀደም ብሎ ሙላ፤ በሩ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ደረሰኙን ያዝ።

ካርድ ስትከፍል ማሽኑ «በአገርህ ገንዘብ ልቁረጥ?» ካለህ እንቢ በል። በዚያው አገር ገንዘብ ይሁን። የምንዛሬውን ዋጋ እነሱ ናቸው የሚያወጡት፣ ለአንተ ብለው አያወጡትም።

ፒስታ_ወዳድ
አሁን እኔም የማውቀውን ልናገር፣ ተሰድቤ አልቀርም። ቪዲዮ አንሱ። ቁልፉን እንደተቀበላችሁ፣ ከግቢው ሳትወጡ። ዙሪያውን፣ አራቱንም ቸርኬ፣ ስፖኪዮውን፣ የፊት መስታወቱን፣ ጣሪያውን። የነዳጅ መለኪያውንና ኪሎ ሜትሩንም። ያገኛችሁትን ጭረት ወረቀቱ ላይ ካላስጻፋችሁ አትንቀሳቀሱ። መኪናው እርጥብ ከሆነ ወይም ጨለማ ውስጥ ከቆመ ወደ ብርሃን አስወጡት። ስትመልሱም እንዲሁ። ቢሮው ዝግ ሆኖ ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ጥላችሁ ከሄዳችሁ፣ ብዙ ውሎች እነሱ እስኪያዩት ድረስ ኃላፊነቱን እናንተ ላይ ነው የሚተዉት።

ጉዞ_ናፋቂ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስመለስ እጽፋለሁ።

*(ከሦስት ሳምንት በኋላ)*

ጉዞ_ናፋቂ
ተመለስን። ከካውንተሩ የወጣሁት ኢንተርኔት ላይ ባየሁት ዋጋ ነው፣ ሲደመር የሁለተኛ ሹፌር ክፍያ። አከራዩ ለትዳር አጋር የማያዝን ሆኖ ተገኘ። ልጅቷ ኢንሹራንሱን ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፣ ሦስት ጊዜ «አመሰግናለሁ፣ አለኝ» አልኩ። ሦስተኛው ላይ ላብ አሰመጠኝ፣ ግን አለፈ። ትንሿ መኪና አልቃ ነበር፣ መካከለኛ ሰጡን። ዝም ብዬ ተቀበልኩ፣ የቀድሞ ካውንተር ቢያየኝ ይኮራ ነበር።

ስንመልስ ሰውየው ዞር ዞር ብሎ የኋላ ግራ ቸርኬው ላይ ጎንበስ አለ። «ይህ አዲስ ነው» አለኝ። ስልኬን አውጥቼ የመጀመሪያውን ቀን ቪዲዮ አሳየሁት። አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ፈረመልኝ። ፒስታ፣ ባለ ዕዳህ ነኝ።

ያልጠበቅኩት አንድ ነገር ነበር። የክፍያ መንገድ አለ አገሩ ላይ፣ መኪናው ውስጥ ያለችው ማሽን ናት የምትቆጥረው። ለመንገዱ ሌላ፣ ማሽኗን ለተጠቀምኩበት ቀን ሌላ ቆረጡ። ብዙ አይደለም፣ ግን ቀድሜ ብጠይቅ በሌላ መንገድ እሄድ ነበር።

ደረሰኝ_ሰብሳቢ
ደስ ይላል! ቪዲዮውን ግን አሁን እንዳታጠፋው። የማቆሚያም ሆነ የፍጥነት ቅጣት ካለ ወራት ቆይቶ ነው የሚመጣው። አከራዩ ስምህን ለፖሊስ ለሰጠበት ለብቻው ያስከፍላል፣ ቅጣቱ ደግሞ ለብቻው። መያዣውስ ተለቀቀ?

ጉዞ_ናፋቂ
በ9ኛው ቀን ተለቀቀ። ባንኩ ጋ ሁለቴ ደውዬ ነበር።

ዝምተኛ_ተሳፋሪ
አንድ ጥያቄ ከእኔ። ለሁለተኛ ሹፌር ከከፈላችሁ፣ ባለቤትህ ስንት ቀን ነዳች?

ጉዞ_ናፋቂ
ሁሉንም ቀን። ልጁ እኔ ከጎኑ ካልተቀመጥኩ አልሆንም አለ፣ ከኋላ ታስሬ ከረምኩ። ዋና ሹፌር እሷን ባደርግ ያንን ክፍያ አልከፍልም ነበር። ካርዱ ግን በእኔ ስም ነው።

የመንትዮች_እናት
ለከርሞ እሷ ካርድ ታውጣ።